ክር የሚበዛበት ቤት

«እዚያ ካርቶን ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለች አክስቷ፣ በከንፈሮቿ መሃል አራት ስፒል እንደነከሰች።

«መጽሐፍ» አለች ክብሪት።

መጽሐፉ «ሚያው» አለ።

አክስቷ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና ክንዷ ላይ ባሰረችው ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። ይህ መጥፎ ምልክት ነው። ሴትዮዋ ደንበኛም ስታነጋግር፣ ስልክም ስታነሳ ስፒል ከአፏ አይወርድም። አፏን ባዶ የምታደርገው ከልቧ ልትቆጣ ስትዘጋጅ ብቻ ነው።

«ነጭ ጋውን በሚሰፋበት ቤት ድመት? ምን ቆርጦሽ ነው?»

«ሰው ጥሏት ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው ሥር፣ ዝናብ ላይ። ካርቶኑ እላይዋ ላይ ሊፈርስ ነበር።»

«የጣላት ሰው አእምሮ ያለው ሰው ነው።»

ክብሪት ደሟ ፈላ። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ነገር ግን ከአስተማሪዎቿ በቀር በእሱ የሚጠራት የለም። ቀጭን ናት፣ ጠጉሯን አናቷ ላይ ጠቅልላ ታስራለች፣ ጫር ካደረጓት ደግሞ ወዲያው ቦግ ነው። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው። እናቷ ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ከእናቷ ታላቅ እህት ጋር ትኖራለች። ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ በሁለቱ ዓመት ውስጥ ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ቀን ካለ አክስቷ ታማ የተኛችበት ቀን ነው።

«እንዲህ ከሆነ እኔም ካርቶን ውስጥ ልግባና ማቆሚያው ሥር ልቀመጣ!»

«ፈተናሽ ይለፍና እኔው ራሴ አስገባሻለሁ። አሁን ስሚኝ። አንድ ሳምንት። ስፌት ክፍሉን በዓይኗ እንዳታየው። አንድ ጠጉር፣ አንዲት ጠጉር ብቻ ነጭ ጨርቅ ላይ ባገኝ፣ እሷም ካርቶኗም ወደመጡበት።»

የድመቷ ግልገል ከካርቶኑ ጠርዝ በላይ ግራጫ ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች። ጆሮዎቿ ወደፊት ለሚያድግ ልጅ እንደሚሰፋ ዩኒፎርም ከልኳ በጣም ሰፍተው ነበር። ሴትዮዋን አየቻት፤ ሴትዮዋም አየቻት። ሁለቱም ባዩት ነገር አልተደሰቱም።

ክብሪት ግልገሏን ያገኘችው ብቻዋን አልነበረም፤ ነገሩን ያከፋውም ይኸው ነው። ከራዲዮ ጋር ነበሩ። ራዲዮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት፤ ወሬ ከጀመረች ማጥፊያ ስለሌላት ነው ስሙ የወጣላት። «ለኔ ስጪኝ፤ እናቴ ድመት ነፍሷ ነው፣ ግቢም አለን» ብላ ነበር እዚያው ዝናቡ ላይ ቆማ። ክብሪት ግን ካርቶኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ።»

«አክስትሽ እኮ ሰው እንኳ አትወድም!»

«ምን አገባሽ? አቦ ተይኝ!»

አንዷ «ስግብግብ» አለች፣ ሌላዋ «ለፍላፊ» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ራዲዮ ቦታዋን ቀይራ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ ክብሪትም ባዶው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀመጠችበት።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ራዲዮ ከሜዳው ማዶ ሆና፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ ጮኸች። «አንቺ! የላም ወተት እንዳትሰጫት! ሆዷን ነው የሚያበላሸው!»

ማን ጠየቃት? ክብሪት ቤት እንደገባች የመጀመሪያ ሥራዋ አንድ ሳህን ሙሉ ወተት ማቅረብ ሆነ። ግልገሏ አገጯ እስኪንጠባጠብ ጠጣች። «ይኸው! ምን ሆነች?» አለች ክብሪት ለባዶው ክፍል። ምን እንደሆነች ጠዋት ታወቀ። አንሶላው ታጠበ፣ ብርድ ልብሱ ታጠበ፣ የሂሳብ ደብተሯን ማጠብ ስለማይቻል ተጣለ። ከሽታው ይልቅ ያንገበገባት የራዲዮ ልክ መሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንንም ሳትጠይቅ ከስልኳ ላይ ማንበብ ጀመረች። ወተቱ በውኃ ተተካ። ጨው ያልነካው የተቀቀለ ዶሮ በጣቷ እየበታተነች፣ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን አራቴ ታበላት ጀመር። ከመንገዱ ማዶ ቤት ከሚሠሩት ግንበኞች አሸዋ በፌስታል ለምና፣ አሮጌ ሳፋ ውስጥ ገልብጣ የግልገሏን የፊት እግሮች ይዛ ቆፈረችላት። ግልገሏ መጀመሪያ ሳፋው ውስጥ ተኛችበት፤ በሁለተኛው ቀን ገባት። እንዳይበርዳት የፕላስቲክ ጠርሙስ በሙቅ ውኃ ሞልታ፣ በገዛ ሹራቧ ጠቅልላ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠችላት። «በመጀመሪያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት፤ የትል መድኃኒትና ክትባት ያስፈልጋታል» የሚለውንም አንብባ ነበር። «ለእሱ ይደረስበታል» ብላ አለፈችው። ጽሑፉ ረጅም ነበር፤ እስከ ታች አላነበበችውም።

ወደደቻት፤ በቃ። ስታጠና ግልገሏ ብብቷ ሥር ገብታ ስታንኮራፋ፣ ያ ትንሽ ሆድ ክንዷ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ክብሪት እጇ እስኪደነዝዝ ገጽ ሳትገልጥ ትቆይ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለማንስ ትናገራለች?

በዚያ ቤት የክብሪት ሥራ ክር መልቀም ነው። በየቀኑ፣ የስፌት መኪናው ሲቆም፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ታሻሻለች፤ መጥረጊያ ክር አያነሳም፣ እርጥብ ጨርቅ ግን ይለቅመዋል። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፤ ከመኪናው ሥር፣ ከካውያው ጠረጴዛ ሥር፣ ከበሩ ጥግ። አክስቷ ደግሞ ሌላ አመል አላት። የተንጠለጠለ ክር ካየች እጇ አያስችላትም። በሁለት ጣት ያዝ፣ ፈጠን አድርጎ ሳብ። አንዴ አውቶቡስ ውስጥ ከማታውቀው ሰውዬ ኮሌታ ላይ ክር ስባ፣ ሰውዬው ሌባ መስላው ጮኾባታል። ክብሪት ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ግን እሷም ሳታውቀው እጇ ያንኑ ለምዷል፤ ከክፍሏ ልጆች ሹራብ ላይ ክር ስትለቅም ስንቴ ተስቆባታል።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቷ አንድ ጋውን በሁለት እጇ ዘርግታ መኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። አንገትጌው ላይ አንድ ግራጫ ጠጉር ነበር። ስፒል አፏ ውስጥ አልነበረም።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«የርስዎ ሽበት ይሆናል፣ እትዬ» አለች ክብሪት።

እንዲህ ማለት አልነበረባትም። ከዚያ የመጣው ናዳ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ባለጌ ተባለች፣ ውለታ ቢስ ተባለች፣ እናቷም አልቀረችላት። አክስቷ ጋውኖቹን በከረጢት አድርጋ ለደንበኛ ልታደርስ ስትወጣ በሩን ከመዝጋቷ በፊት ዞር አለች። «ስመለስ ያ ወለል ላይ አንድ ክር ባገኝ ወዮልሽ!»

«በአፍንጫዬ ይውጣ!» አለች ክብሪት፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ።

ወለሉን አልነካችውም። ይልቁንም የስፌት ክፍሉን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ግልገሏን መሃሉ ላይ አስቀመጠቻት። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን አሙቃው ነበር። «ይኸውልሽ፤ ያንቺም ቤት ነው። እንደፈለግሽ ሁኚ» አለቻት። ግልገሏ ሰማያዊ ክር አገኘች። ዘለለችበት፣ በጀርባዋ ተንከባለለች፣ በአራቱም እግሯ ታገለችው። ክብሪት እስክታለቅስ ሳቀች፤ ቪዲዮ ቀርጻም ለክፍሏ ልጆች ሁሉ ለቀቀችው። ራዲዮ ታየዋለች፤ አይታም ትቃጠላለች። ይህን ስታስብ ደስ አላት፤ ስልኳን እያየች ሰው ስንት «ውይ» እንዳለ ስትቆጥር ክሩ የት እንደገባ ልብ አላለችም።

እሁድ ግልገሏ ዶሮውን አሽትታ ዘወር አለች። ሁለት ጊዜ አስታወከች። «ጠግባ ነው» አለች ክብሪት። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አክስቷ ጨርቅ ልትገዛ ወጥታ ነበር፤ ግልገሏን ካርቶኑ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ፣ ጠጉሯ ቆሞ አገኘቻት። ስታነሳት ከጅራቷ ሥር አንዲት ሰማያዊ ነገር አየች። የክር ጫፍ ነበር፤ ርዝመቱ ከጥፍር አይበልጥም።

ማሰብ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለት ጣት፣ ፈጠን አድርጎ ሳብ።

ስንዝር የሚሆን ክር መጣ። ግልገሏ ጮኸች፤ ያን የመሰለ ድምፅ ከዚያች ሚጢጢ አካል ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም። ክሩ መሃል ላይ ተበጠሰ። ቁራጩ ጣቶቿ ላይ ቀረ፣ ጫፉ ላይ ደም ነበረበት።  ክብሪት ክሩን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለች፣ እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች፣ ግልገሏን በሹራቧ ጠቅልላ መሮጥ ጀመረች።

የእንስሳት ክሊኒኩ ከሦስት መንገድ ወዲያ ነው። ሐኪሟ ትከሻዋ የሰፋ፣ ድምፅዋ በር የሚያስከፍት ሴት ናት። የለበሰችውን ነጭ ጋውን የሰፋችው የክብሪት አክስት ናት፤ የክሊኒኩን ጋውን ሁሉ እሷ ነው የምትሰፋው። ሐኪሟ የግልገሏን አፍ ከፍታ ከምላሷ ሥር በባትሪ አየች፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ ከዚያ ጅራቷን ቀና አደረገች። 

«ይህን ክር ሰው ስቦታል።»

ክብሪት እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ክር ውጣለች። አንዱ ጫፉ ውስጥ ተይዟል። አንጀቷ ሊያስወጣው ይገፋል፣ ይገፋል፤ አልወጣ ሲለው ክሩ ላይ ይሰበሰባል። እንዲህ ሆኖ ሳለ የሚስብ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች። የስፌት ቤት ልጅ ናት። ቀሚስ ወገቡ ላይ ሲሸበሸብ ክሩን ይስቡታል፣ ጨርቁ ይሰበሰባል፤ ስስ ጨርቅ ከሆነና ጠንከር አድርገው ከሳቡት ይተረተራል። 

«ማነው የሳበው?» አለች ሐኪሟ።

አግዳሚው ላይ ውሻ የያዙ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል፤ ቀና ብለው አዩዋት። ሐኪሟም አየቻት። ግማሽ ሰከንድ ነበራት። ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ ልትል አትችልም፤ በግማሿ ሰከንድ አስባበታለች።

«አክስቴ» አለች።

«ስንት ሳበችው? ተበጠሰ ወይስ አልተበጠሰም?»

«አላውቅም። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ።»

«ጠርጥሬ ነበር! ቅዳሜ ጋውን ስታመጣልኝ እንኳ ‹አንዲት ድመት ገብታ ቤቴን ልታጠፋው ነው› ስትል ነበር። ልብ የሌላት ሴት!» ሐኪሟ ጓንቷን እየለበሰች ወደ ረዳቷ ዞረች። «ደውይላት፣ አሁኑኑ ትምጣ!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ክብሪትን ትከሻዋ ላይ ነካ አደረገቻት። «አንቺ ግን ጎበዝ ነሽ። ሮጠሽ አመጣሻት። ከተረፈች ያንቺ ናት፤ በአክስትሽ እጅ ግን እንዳትነካ።»

ቀዶ ጥገናው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። አክስቷ የመጣችው ከማለቁ በፊት ነው፤ ከሥራ ተነስታ፣ ትንሿ ትራስ ክንዷ ላይ እንደታሰረች። ሐኪሟ ስትወጣ አግዳሚው ላይ አምስት ሰው ነበር። ለአንዱም ብላ ድምፅዋን አልቀነሰችም።

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት! ድመት ካልወደዱ አይውደዱ፤ ክር ከሆድዋ መሳብ ግን ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? አንጀቷን ሁለት ቦታ ሰፍቼ ነው የመጣሁት!»

አክስቷ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዞር ብላ ክብሪትን አየቻት። ክብሪት ጫማዋን ታይ ነበር፤ ጆሮዋ እንደ ፍም ቀልቷል። አክስቷ አፏን መልሳ ዘጋች።

«የቀሩትን ጋውኖች ሌላ ቦታ አሰፋለሁ» አለች ሐኪሟ።

«እንዳሉ» አለች አክስቷና ወጣች።

 ቤት ሲገቡ አክስቷ ራሷ እርጥብ ጨርቅ አንስታ ተንበረከከች፤ የስፌት ክፍሉን ወለል ከጥግ እስከ ጥግ ታሻሸው ጀመር። ክብሪት በሩ ላይ ቆመች። ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ስድብ ቢመጣ ትችለዋለች፣ መልስም አላት። ይኸኛውን ግን አልቻለችውም።

«ለምን ዝም አሉ?» አለች በመጨረሻ።

«ምን ልበል? አምስት ሰው ፊት ‹ይህች ልጅ ውሸታም ናት› ልበል?» አክስቷ ቀና አላለችም። «ቤት ስንገባ ለብቻሽ እነግርሻለሁ ብዬ ነው። ውሸታም ነሽ።»

«እኔ...»

«አልጨረስኩም። ሂጂና ተናገሪ ብዬም አልለምንሽም። አፍ አለሽ። እኔ ላይ ሲሆን ሲሠራ አይቼዋለሁ።»

ክብሪት ክፍሏ ገብታ ባዶው ካርቶን አጠገብ ተቀመጠች። ራሷን ጠላች፤ አክስቷን ግን ከዚያም በላይ ጠላቻት፣ ልክ ስለነበረች።

ማክሰኞ ክሊኒኩ ስትሄድ ግልገሏ ተኝታ ነበር። ረቡዕ ስትሄድ ግን በሩ ላይ ከራዲዮ ጋር ተጋጨች። ራዲዮ እየወጣች ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቺን ለማየት አይደለም የመጣሁት» አለች ራዲዮ። «ሰው ሲያወራ ሰምቼ ትናንትም መጥቻለሁ። ለእሷ ነው።»

«ምን አልኩሽ?»

«ትኩሳት አላት። ሐኪሟ እንጃ ነው የምትለው።» ወሬ የማያልቅባት ልጅ ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሄደች።

ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ፊቷን በሁለት እጇ ታሻሻለች። ግልገሏ ጎኗ ላይ ተጋድማ በቶሎ በቶሎ ትተነፍሳለች፤ እግሯ ላይ ቀጭን የግሉኮስ ቱቦ ታስሯል።

«ሁለት መንገድ ነው ያለኝ» አለች ሐኪሟ፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል። «ወይ መድኃኒቱን እጠብቃለሁ፣ ወይ እንደገና እከፍታታለሁ። ያገኘሁትን ክር አውጥቻለሁ። ግን የተሳበው ጥቂት ከሆነ መክፈቱ ራሱ ይገድላታል። ብዙ ተስቦ ተበጥሶ ከሆነ ደግሞ ወደ ታች ያላየሁት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ መጠበቁ ይገድላታል። ዛሬ ጠዋት አክስትሽ ጋ ደወልኩ። ‹አላውቅም› አለችኝ። እንዴት አታውቅም? የገዛ እጇ አይደለም?»

ክብሪት የግልገሏን ሆድ አየች። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ።

«ስንዝር ነው» አለች። «ስንዝር ሙሉ ወጣ። ከዚያ ተበጠሰ። ጫፉ ላይ ደም ነበረው።»

ሐኪሟ ቀና አለች። «አክስትሽ ነገረችሽ?»

የማምለጫው በር ተከፍቶላት ነበር። «አዎ» ብቻ ማለት ነበር የሚጠበቅባት። ሐኪሟ ማወቅ የምትፈልገውን አውቃለች፣ ግልገሏ ትታከማለች፣ ከዳነች ወደ ክብሪት ትመለሳለች። አክስቷን እንደሆነ ድሮም ማንም አይወዳትም። ማንም አይጎዳም። ክብሪት አፏን ከፈተች፤ «አዎ» ምላሷ ላይ ነበር።

«አይደለም» አለች። «እሷ አልነካቻትም። ቤትም አልነበረችም። የሳብኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ አየቻት። 

«ሰኞ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ። ድመቷን ይከለክሉኛል ብዬ።»

«ሁለት ቀን!» ሐኪሟ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው፤ የመድኃኒት ጠርሙሶቹ ተንቃጨሉ። «ሁለት ቀን በጨለማ ስዳክር! አንቺ ልጅ፣ ክር ስታዪ አትስቢም፣ አትቆርጪም፣ ዘይት አታጠጪም፣ ትሮጫለሽ! ሮጠሽ ከመጣሽ ደግሞ እውነቱን ይዘሽ ትመጫለሽ! ስታገኚያት ዕለቱን ብታመጫት ኖሮ ይህን ሁሉ እነግርሽ ነበር። ትል ነበረባት፣ ቁንጫ ነበረባት፣ እኔ ደግሞ የምትበላውን ብቻ ሳይሆን የምትውጠውንም እጠይቅሽ ነበር። ማን ነገረሽ ፍቅር ብቻ ይበቃል ብሎ? ውጪልኝ! ረዳት! ማደንዘዣ አዘጋጂ!»

ክብሪት ወጣች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላለችም። ሐኪሟ አልተሳሳተችም ነበር። ቀዳዳው ነበረ፤ ከታች በኩል፣ የምስር ፍሬ የምታህል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ቀዝቃዛ ነበሩ። ሐኪሟ ለአክስቷ ደውላ ይቅርታ ጠየቀች፤ አክስቷ «ጋውኖቹ ለሰኞ ይደርሳሉ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ክብሪት በየቀኑ ወለሉን አሻሸች። አክስቷ አላመሰገነቻትም፣ ይቅርታዋንም በእሺም በእምቢም አልመለሰችላትም። «እትዬ፣ ይቅርታ» ብላት ነበር፣ ሐሙስ ዕለት፣ ምሳ ላይ። «ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ» ነበር መልሱ።

በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ሐኪሟ «ኑና ውሰዷት» አለች። አክስቷ ሳትጠራ ተነሥታ አብራት መጣች። ግልገሏ ሆዷ ተላጭቶ፣ ስፌቱ መሃል ለመሃል ታይቶ፣ ሳጥኗ ውስጥ በቁጣ ትጮኻለች። እንዲህ ከጮኸች ድናለች ማለት ነው።

ሐኪሟ አንድ የክትባት ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፊቷ አሁንም አልተፈታም። «አልሰጥሽም ልል ነበር። ለብዙ ቀን አስቤበታለሁ። ያን ቀን ‹አዎ፣ አክስቴ ነገረችኝ› ብትዪኝ አምንሽ ነበር፤ አላልሽም። ስለዚህ ምርጫው ያንቺ ነው። የባለቤት ስም የሚለው ቦታ ላይ ሙዪ።»

አክስቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የስፌት ክፍሉ በር ላይ መቀርቀሪያ አስመትቻለሁ» አለች፣ ወደ ግድግዳው እያየች። «ከላይ፣ እሷ የማትደርስበት። ጻፊና እንሂድ፣ ሥራ አለኝ።»

ክብሪት አክስቷን አየቻት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያች ሴት አፍ የሰማችው ደግ ነገር ይኸ ብቻ ነበር፤ እሱም ለግድግዳው ነው የተነገረው።  እስክሪብቶውን አነሳች። የገዛ ስሟን ልትጽፍ ጎንበስ ስትል የአክስቷ እጅጌ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነበር። ሁለት ነጭ ክር ተጣብቆበታል። ቀሚሷ ጠርዝ ላይ አንድ ጥቁር። ክብሪት የራሷን ሹራብ ተመለከተች፤ ክርኗ ላይ አንድ ሰማያዊ። ጠዋት ወለሉን አሻሽታ፣ ልብሷን አራግፋ ነበር የወጣችው።

ግልገሏ መዳፏን በሳጥኑ ሽቦ አሾልካ የእስክሪብቶውን ጫፍ ለመያዝ ታገለች። ክብሪት አንድ ጣቷን ሰጠቻት፤ ነከሰቻት፣ ላሰቻት፣ እንደገና ነከሰቻት። ክብሪትም ጣቷን ለረጅም ጊዜ አላወጣችም።

ከዚያ የባለቤት ስም በሚለው መስመር ላይ የራዲዮን እውነተኛ ስም ጻፈች፣ ከነአባቷ።  ካርዱን ወደ ሐኪሟ ገፋ አደረገች።

ሐኪሟ አነበበችው። «ይህች ማናት?»

«በየቀኑ የምትመጣዋ ልጅ።»

«ለምን ለእሷ?»

«እነሱ ቤት የሚሰፋ ሰው የለም» አለች ክብሪት።